የማሽኑ ቁርስ

መካኒኳ ኢብሴ የመላጊያ ማሽኑ ዘንግ የሚዞርበትን ኩሽኔታ በመዳፏ ነክታ ወዲያው እጇን አነሳች። ይፋጅ ነበር። መቱ ከተማ ካለው የእንጨት ሥራ ቤት ደጃፍ ላይ አንድ የአሮጌ ብረት ነጋዴ፣ ማሽኑ ካልዳነ በኪሎ ሊገዛው ሚዛኑን ይዞ ይጠብቅ ነበር። “ግራሶ ጎድሎበት እንዳይመስልሽ” አሉ ባለቤቱ ጋሽ ጭምዴሳ፣ የግራሶ ፓምፑን በብብታቸው እንደያዙ። “እኔ ቁርሴን ሳልቀምስ እሱን ነው የማበላው። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ጠዋት አልዘለልኩበትም።”

ኢብሴ ማሽኑን አጥፍታ የኩሽኔታውን ክዳን ፈታች። ውስጡ እስከ አፉ በግራሶ ተጠቅጥቋል። ኩሽኔታው ማጥ እንደገባ በሬ ግራሶውን እየገፋ ነበር የሚዞረው፤ ያጋለውም ይኸው ልፋት ነው። ጋሽ ጭምዴሳ ነጋዴው ፊት እንዳያፍሩ ለደጃፉ ጀርባዋን ሰጥታ ትርፉን በእንጨት ስንጣሪ እየዛቀች ጣሳ ሞላች፤ ጥቂት ብቻ አስቀረችለት። ክዳኑን አሰረች፣ ማሽኑን አስነሳች፣ ሦስት የዋንዛ ጣውላ አከታትላ ላገችበት። ከዚያ መዳፏን እዚያው ኩሽኔታ ላይ አሳረፈች። አላነሳችውም።

ነጋዴው ሚዛኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ። ጋሽ ጭምዴሳ እጃቸውን ከእጇ አጠገብ አኑረው ጣሳውን አተኩረው አዩት።

“ጠግቦ ነው እንዴ የታመመው?” አሉ ቀስ ብለው።

“አዎ ጋሼ። በወር አንዴ፣ እሱም ትንሽ፣ ይበቃዋል።”

ፓምፑን ከብብታቸው አውጥተው ሰጧት።

“አንቺ ጋ ይቀመጥ” አሉ። “እኔ ጋ ከሆነ አያስችለኝም።”