ሁለት ይበቃል

ስትሮክ አንደበቷን የዘጋባት እናቱ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ፣ ሁለት ትእዛዝ ብቻ ያለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ሲፈጥር ከረመ። ስምንት የነበሩትን እየቀነሰ ወደ ሁለት አወረዳቸው። «በሁለት ምልክት የማይነገር ነገር የለም፤ የሚገባው ሰው ነው የጠፋው» እያለ ይበግናል።

አስታማሚዋ ሲስተር አገርነሽ ከሳምንት ዕረፍቷ ስትመለስ ቀጥታ ወደ አልጋው ሄደች።

«እጃቸውና ብረቱ መሃል ትራስ የወሸቀው ማነው?»

«እኔ ነኝ። የአልጋውን ብረት እየመታች ሥራ አላሠራ አለችኝ።»

የአገርነሽ ፊት ጠቆረ። «ወንድሜ፣ ስሄድ ነግሬህ አልነበር? አንዴ ሲያንኳኩ ውሃ፣ ሁለቴ ሲያንኳኩ አመመኝ ማለታቸው ነው።»

ትራሱን አወጣችው።

ብረቱ ሁለቴ ተንኳኳ። ደግሞ ሁለቴ።