የዳሊያው ጠላት

መምህር በየነ በዕድር ስብሰባ ላይ፣ የጎባ ሰው ሁሉ እየሰማ ቃል ሰጡ። ልጃቸው ሩሀማ በጥር የምትዳረው ሮቤ ከተማ ባለ አዳራሽ፣ በፕላስቲክ አበባ መካከል አይደለም፤ በአባቷ ግቢ፣ ሥር ባለው አበባ መካከል ነው።

ሩሀማ ግን ግቢውን ታውቀዋለች። ለሠላሳ ዓመት ከጎመን በቀር ያበቀለው ነገር አልነበረም።

«እሺ፣ አባባ» አለች በስልክ። «ለገና አበባው ካልታየ ግን አዳራሹን እይዛለሁ። ያን ጊዜ እንዳይቆጡኝ።»

በመስከረም መምህሩ ወደ ችግኝ ጣቢያው ወረዱ። ችግኝ ሻጩ ኢዶሳ የቀድሞ ተማሪያቸው ነው።

«አካም ቡልተን፣ መምህር! ለኛ ደጋ ጽድ ነው፤ ኮሶ ነው፤ አበባ ካሉም ጽጌረዳ።»

«ልጄን ድሬ ሙሽራውን ኮሶ ላጠጣው ነው?»

ኢዶሳ ሳቀ። መምህሩ አልሳቁም። ጽጌረዳውን እሾሃም ነው ብለው ተዉት፤ አበባው እንደ ሰሐን የሚሰፋውን ዳሊያ መረጡ፤ ሃያ አራት ሥር።

«ዳሊያ ለስላሳ ነው፣ መምህር። እዚህ አገር ከተከሉት አንድ ዘዴ አለው፤ እሱም...»

«ኢዶሳ! አንተ ፊደል ሳትቆጥር እኔ አትክልት ስተክል ነበር።»

ኢዶሳ ችግኙን በካርቶን ደረደረ።

መምህሩ ገመድ ወጥረው፣ በክንድ ለክተው ተከሉ። አሥራ ስምንቱ እስከ ደረት በሚደርሰው የእንጨት አጥር ሥር፣ ስድስቱ በበረንዳው ሥር ተሰለፉ።

ከአጥሩ ወዲያ ድንች የሚያለሙት ወይዘሮ ፋናዬ ናቸው። መምህሩ «ጥላ ጣለብኝ» ብለው በቀበሌ አስፈርደው የሴትዮዋን ባሕር ዛፍ ካስቆረጡ አራት ዓመት ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። ሩሀማ እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተችባት ያደገችው በእኚህ ሴት ጀርባ ላይ ነበር። ያ ግን ከዛፉ በፊት ነው።

ኅዳር ገባ፤ ዳሊያው እንቡጥ ቋጠረ። አንድ ቀን መምህሩ ከኪዳን ጸሎት ሲመለሱ፣ በአጥሩ ሥር ያሉት ቅጠሎች ውኃ ሲያንጠባጥቡ አገኙ። ዝናብ አልጣለም።

ነገሩን መመዝገብ ጀመሩ። ሰማዩ ደመና ለብሶ ባደረ ማግስት ቅጠሉ ደረቅ ነው። ጠርቶ ባደረ ማግስት ርጥብ ነው። አንድ ምሽት ወይዘሮ ፋናዬ ከድንቻቸው መካከል ቆመው ወደ ላይ አንጋጠጡ።

«ዛሬም ጠርቷል» አሉ ለራሳቸው።

መምህሩ በደብተራቸው ላይ ጻፉ፦ በጨረቃ ብርሃን ትሠራለች።

በሳምንቱ በበረንዳው ሥር ያሉት ስድስቱ ጠቁረው ደረቁ። በእነዚያ ላይ አንድም ቀን ውኃ አልታየም ነበር። መምህሩ ይህንንም ፈቱት፤ እንዳትጠረጠር ከአጥሯ የራቀውን አስቀድማ ገደለች፤ ዘዴውን ደግሞ ራሷ ታውቀዋለች። ሠላሳ አምስት ዓመት የሰው ፈተና ያረሙ ናቸውና፣ የሰው ስሕተት ለማግኘት አልተቸገሩም።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ቀሩ። ሊነጋጋ ሲል ከመጋረጃው ኋላ ቆመው ጠበቁ። ፀሐይ ሳትወጣ አንድ እጅ የወተት ጣሳ ይዞ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ፤ በቅጠሉ ላይም አፈሰሰ።

«ያዝሁዎት፣ ወይዘሮ ፋናዬ!»

ሴትዮዋ ጣሳቸውን እንደያዙ ቀሩ። «ጋሽ በየነ፣ ውኃ ነው።»

«ውኃነቱንማ አየሁ። የተቀላቀለበትን ይንገሩኝ።»

«ከጉድጓዴ የቀዳሁት ነው፤ ከፈለጉ ይቅመሱት። እንዲያው ቅጠሉን...»

«ስድስቱን ፈጁ! የቀረውን ደግሞ ለገና ሊጨርሱት?»

«ሩሀማን በዚህ ጀርባ ያዘልሁ ሴት እኮ ነኝ! እርስዎ መቼ አስጨርሰውኝ ያውቃሉ?»

«የጨረሱትን አይቼ ነው የማላስጨርስዎ።»

ወይዘሮ ፋናዬ ባልዲያቸውን አነሡ። «የዛፌ ጊዜም እንዲሁ ነበሩ» ብለው ሄዱ።

መምህሩ ዕለቱን አናጢ ጠሩ። በእንጨት አጥሩ ላይ ከቁመተ ሰው የሚበልጥ ቆርቆሮ ተመታ። እጅ አይደለም፣ ድመትም አያልፍበትም። ምሽት ላይ ቆርቆሮው ከወዲያ በኩል ተንኳኳ።

«ጋሽ በየነ! ዛሬ ሰማዩ ክፉኛ ጠርቷል!»

መምህሩ የራዲዮናቸውን ድምፅ ከፍ አደረጉ።

በማግስቱ ከብዙ ቀን በኋላ ልባቸው አርፎ ጸሎት ሄዱ፤ ቅዳሴም አስቀደሱ። ሲመለሱ ረፍዷል። አሥራ ስምንቱም ዳሊያ የፈላ ውኃ እንደተደፋበት ጎመን ጠቁሮ፣ እንቡጡን እንዳንጠለጠለ አንገቱን ደፍቷል። ገና ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ቆርቆሮውን ዳር እስከ ዳር መረመሩት። ሚስማር አልተነቀለም። ኢዶሳን አስጠሩ።

«መርዝ ለመሆኑ ትመሰክራለህ» አሉት። «ጽፈህ ትፈርማለህ! ዛሬውኑ ክስ እመሠርታለሁ!»

ኢዶሳ ተንበርክኮ አንድ ቅጠል በጣቶቹ አሸ። ከዚያ በርጩማ አስጠግቶ ወጣና በቆርቆሮው ላይ አሻግሮ ተመለከተ። የወይዘሮ ፋናዬ ድንች ለምለም ነው፤ ከቅጠሉ ላይ ውኃ ይንጠባጠባል። ባልዲውና ጣሳው ከመደቡ ዳር ተቀምጠዋል።

ወርዶ መምህሩን ትክ ብሎ አያቸው።

«መምህር፣ ውርጭ ነው፤ ኅዳርን ሙሉ ሲወርድ የከረመው። እስከ ትናንት ፀሐይ ሳትነካው ከቅጠሉ ላይ በውኃ ሲያጥብልዎት የነበረው ማን ነው?»