የፍቅሬ የይለፍ ቃል

ሚያዝያ 11 ቀን 2009፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የነገሌ ፀሐይ ቆርቆሮውን ታንጣጣዋለች። ዲቦራ የወንድሟን የፍቅሬን ላፕቶፕ ጭኗ ላይ አድርጋ እሱ የተኛበት አልጋ ጫፍ ተቀምጣለች።

የፍቅረማርያም እግሮች አብጠዋል። ኩላሊቱ ነው። ነገ ጎህ ሲቀድ የባለሱቁ የዒምራን መኪና ሐዋሳ ሆስፒታል ሊያደርሰው ነው፤ ዛሬ ግን ማሽኑ ላይ በስሟ አካውንት እንድትከፍት ይፈልጋል። በገዛ እጇ።

"ምናለ ዊንዶውስ ቢሆን? እኔ የለመድኩት እሱን ነው።"

"የገበያው ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ነው፤ ዊንዶውስሽ በሳምንቱ ይተኛል። እኔ የጫንኩበት ኡቡንቱ ግን በነጻ ነው፤ ኮዱ ሳይቀር ክፍት ነው። ማንንም ሳትለምኚ ፕሮግራም ትሠሪበታለሽ።" ትንፋሹን ይሰበስባል። "በይ ጻፊ።"

የነገራትን ትእዛዝ ስክሪኑ ላይ በተከፈተው ጥቁር መስኮት ትጽፋለች። ማሽኑ የፍቅሬን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። እሱ ፊደል በፊደል ይነግራታል፣ እሷ ትነካለች። መስኮቱ ላይ ነጥብ እንኳ አይወጣም።

"ኪቦርዱ ሞቷል!"

"አልሞተም። አያሳይሽም እንጂ ይሰማሻል።"

አታምነውም። የነካችውን ደግማ ትነካለች። ማሽኑ ይቅርታ፣ እንደገና ሞክሪ ይላታል። እንደገና ትደራርብበታለች። ሦስተኛው ላይ ጭራሽ ይመልሳታል።

"አንቺ ልጅ፣" ይላል ፍቅሬ ሊስቅ እየሞከረ፣ "እማዬ ስትጸልይ ማንን ታያለች? ዝም ብላ ትጨርስ የለ?"

"ሰማሁህ!" ትላለች እናታቸው ማሚቱ ከጓዳ፣ ሻንጣውን እያዘጋጀች። "ዲቦራ፣ አታድክሚው። ላፕቶፑንም አምጪው፣ ከልብሱ ጋር ልክተተው።"

"እሱ ይቅር፣ እማዬ፣" ይላል ፍቅሬ።

ዲቦራ ቀና ብላ ታየዋለች። ያለዚህ ማሽን ለአንድ ሌሊት እንኳ ዱብሉቅ ከተማ ሄዶ አድሮ አያውቅም።

"ስትመለስ ታሳየኛለህ፣" ትለዋለች።

"እሺ፣" ይላል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

በማግስቱ ፍቅረማርያም በሐዋሳ መንገድ ላይ፣ ክብረ መንግሥት ሳይደርስ መኪናው ውስጥ አረፈ።

ዲቦራ ኡቡንቱን ብቻዋን ተማረች። የዒምራን ሱቅ ዕቃውን የሚቆጣጠረው እሷ በጻፈችው ፕሮግራም ነው። አካውንት መክፈት አሁን ደቂቃ አይፈጅባትም፤ በስሟ ግን እስከ ዛሬ አልከፈተችም። አዲስ ነገር በጫነች ቁጥር ማሽኑ የፍቅሬን የይለፍ ቃል ይጠይቃታል፤ ምንም በማይታይበት ትጽፍለታለች።