ከግድግዳው የወረደው ፎቶ

የዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ይወጣል። ከአንድ ሺህኛ በታች የወረደ ዩኒቨርሲቲ ያስመረቃቸው ሁሉ በዚያው ቀን ዲግሪያቸው ይሰረዛል። ከዚያ በኋላ ስለ ሙያቸው አንድ ቃል ቢተነፍሱ እስር ነው።

የአባቴ ዩኒቨርሲቲ ዘንድሮ አንድ ሺህ ሦስተኛ ወጣ። ሃያ ስድስት ዓመት ፋርማሲስት ነበር። ጋዋን ለብሶ የተነሳውን የምረቃ ፎቶ ራሱ አወረደው፤ ግድግዳው ላይ በፎቶው ልክ ያልቆሸሸ ቀለም ቀረ።

በማግስቱ እዚያው ግድግዳ ሥር ተቀምጬ የማመልከቻ ቅጽ ስሞላ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"የመረጥሽው ስንተኛ ነው?"

"አርባኛ። የምወደውን ትምህርት ባይሰጥም ደረጃው አስተማማኝ ነው።"

"የኛም እኔ ስገባ ሠላሳ ስምንተኛ ነበር" አለኝ።

ይህን እንዳለኝ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን እትዬ ውድነሽ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው፣ በእጃቸው የሽሮፕ ጠርሙስ ይዘዋል።

"ደምመላሽ ልጄ፣ ትኩሳቷ አልወርድ አለ። ይሄን ስንት ልስጣት?"

አባቴ ጠርሙሱን አየ። ከዚያ ባዶውን ግድግዳ አየ።

"አላውቅም።"

የቀለደ መስሏቸው ሳቁ። ዓይኑን ሲያዩት ግን ልጅቷን እንዳቀፉ ሄዱ።

አባቴ በሩን ዘጋና ግንባሩን አስደገፈበት።

"ግማሽ ማንኪያ፣ በየስድስት ሰዓቱ" አለ፣ ለተዘጋው በር።

እኔ ገና የሚሰረዝብኝ ዲግሪ የለኝም። ቅጹን ጥዬ እትዬ ውድነሽን ተከትዬ ሮጥኩ።