የቡቺ ሰዓት

አየሩ ከተበላሸ ወዲህ በከተማው ማንም ሰው በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ደጅ መቆየት አይፈቀድለትም። ለውሻ የተመደበ ሰዓት የለም፤ ውሻ የሚወጣው ሰው የራሱን ሲለቅለት ነው። የእማማ ተዋበች ውሻ ቡቺ ደግሞ ካልሮጠ፣ ጥፍሩ እስኪደማ በሩን ይቧጭራል።

ዛሬም እማማ የደጅ ሰዓታቸውን የሚቆጥረውን አምባር ከእጃቸው ፈትተው አንገቱ ላይ አሰሩለት።

«እማዬ፣ ከክረምት ጀምሮ ደጅ አልረገጥሽም። ዛሬ እንኳ አንቺ ውጪ» አለች የልጅ ልጃቸው ፌቨን፣ በራሷ ሰዓት ልታንሸራሽረው ጫማዋን እያሰረች።

«እኔ ምን ልሆን ብለሽ? ይልቅ መኪና እንዳይገጨው። ገመዱን እንዳትለቂው!»

«ሊሮጥ አይደል እንዴ የሚወጣው?»

«ቀስ ብሎ ይሩጣ!»

ሁለቱ እስኪመለሱ ድረስ እማማ ከበሩ ሥር አልተነሱም። ቡቺ እያለከለከ ገብቶ እግራቸው ሥር ተዘረረ። ፀጉሩን ጭጎጎት ወርሶታል። የደጁ ሣር ይህን ያህል ማደጉን እማማ ያን ጊዜ አወቁ። ጭጎጎቱን ቀስ እያሉ ለቀሙለት።

ፌቨን ወደ ጓዳ ስትገባ ግን ከለቀሙት ጥቂቱን አነሱና፣ ሣር ለሣር ሲሄድ እንደዋለ ሰው፣ ቀሚሳቸው ጠርዝ ላይ ለጠፉት።