እንደ እህትሽ

«እውነቱን ንገሪኝ፣» ትላለች ቢሊሴ፣ ያጠበችውን ብርጭቆ እያቀበለችኝ። «ነገ ግቢ እንደገባሁ ዲፓርትመንት ነው የምመርጠው። ሶፍትዌር አሁንም ያዋጣል?»

ታናሽ እህቴ ናት። ያልኳትን ታደርጋለች።

ሃያ ሁለት ሰፈር ካለው ቢሮዬ ፕሮግራመር ተብለን የቀረነው እኔና ታዴዎስ ብቻ ነን። ኮዱን ማሽኑ ይጽፈዋል፤ እኛ ስህተቱን እንለቅምለታለን። ባረምንለት ቁጥር የምንለቅመው እያነሰ ይሄዳል። ይህን ቤት ውስጥ ለማንም አልተናገርኩም።

«ቢሊ፣ ነገሩ...»

«ማኅደር! ቢሊሴ! ኑ እንጂ!» አባባ ከሳሎን ይጣራል። «ኦቦ ጅሬኛ ሊመርቁ ነው!»

ኦቦ ጅሬኛ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ሳይመርቁት ከቤታችን ማንም ሩቅ አይሄድም። ሳሎኑን ጎረቤት ሞልቶታል። በመስኮቱ በኩል፣ ድሮ ጤፍ እንዘራበት በነበረው መሬት ላይ፣ ክሬኑ ብረት ያነሳል።

«መሬቱስ ሄደ፣» ይላል አጎቴ ፈቃዱ ትከሻዬን መታ አድርጎ። «ይቺን ግን አገኘን! ጥላ ሥር ተቀምጣ በጣቷ ብቻ የምታርስ!»

ሰው ይስቃል። አባባ ከሁሉም አብልጦ ይስቃል።

ቢሊሴ ትንበረከካለች። ሽማግሌው እጃቸውን ራሷ ላይ ይጭናሉ፤ ሌሎቻችን መዳፋችንን ዘርግተናል።

«ያሰብሽው ይሙላልሽ።»

«አሜን።»

«በሄድሽበት ክፉ አይንካሽ።»

«አሜን።»

«እንደ እህትሽ ያድርግሽ! በእሷ መንገድ ያስኪድሽ!»

«አሜን!»

ኦቦ ጅሬኛ ግን አይቀጥሉም። አንገታቸውን ወደ እኔ ያዞራሉ።

«ማኅደር፣ ያንቺ አሜን አልተሰማኝም። በአንቺ እኮ ነው የመረቅኳት። ቀናሽ እንዴ?»

ሳቁ እንደገና ይነሳል። ቢሊሴ አትስቅም። ከእጃቸው ሥር ቀና ብላ ታየኛለች፤ ጓዳ ውስጥ የጠየቀችኝን አሁንም እየጠየቀችኝ ነው። አባባም ያየኛል፤ መዳፉ እንደተዘረጋ ነው፣ ፈገግታው ግን እየሳሳ መጥቷል። ምርቃት ላይ ዝም ያለ ሰው እንደረገመ ይቆጠራል፣ እኛ ዘንድ።

«አሜን፣» እላለሁ።

«እንዲህ ነው እንጂ!»

ቢሊሴ ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ትደፋለች። ተወጥሮ የነበረው ትከሻዋ ቀስ ብሎ ሲላላ አያለሁ።