መረቤን እንዳትነካ

«ይህ መንገድ ቅርስ ነው አሉኝ እንግዲህ!» ይላል አባዬ፣ ድንጋዩ ላይ በቢጫ ቀለም የተሳለውን የመንገድ ምልክት በከዘራው እየነካካ። «ዓሣ ተሸክሜ ስመላለስበት ዞር ብሎ ያየው የለም። አሁን ፈረንጅ ፎቶ ያነሳዋል።»

«አባዬ፣ ወሬውን ተወውና እግርህን አንሳ።»

ከኬፕ ኮስት ከተማ ከወጣን ጀምሮ አፉ አላረፈም። ፈርቷል፤ እኔ ልጁ ይህ ይጠፋኛል?

ይህን የባሕር ዳርቻ ከረገጠ አርባ ዓመት አልፎታል። በመንደሩ ልማድ ማክሰኞ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ነው፤ ማንም አያጠምድም። እሱ ግን በሃያ ዓመቱ አንድ ማክሰኞ «ምን ይመጣል?» ብሎ የታላቅ ወንድሙን የኤኮውን ታንኳ ገፍቶ ገባና ዓለት ላይ ሰባበረው። ኤኮው በሰው ሁሉ ፊት «ከዛሬ ወዲያ መረቤን እንዳትነካ!» አለው። አባዬ በዚያው እንደወጣ ቀረ።

ዛሬም ማክሰኞ ነው። ቀኑን የመረጠው ራሱ ነው። «ወንድሜ ሌላ ቀን ባሕር ላይ ነው፤ ዛሬ ግን ማምለጫ የለውም» ብሎኝ ነበር ጠዋት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «እኔም የለኝም» አለ።

ቁልቁለቱን ስንጨርስ መንደሩ ይታያል። ወንዶቹ በየጥላው ሁለት ሁለት ሆነው ተቀምጠዋል፤ አንዱ የመረቡን ጫፍ በእግር ጣቱ ወጥሮ ይይዛል፣ ሌላው ይጠግናል። አንድ ሽማግሌ ብቻ ለብቻው ነው። የመረቡን ጫፍ የኮኮናት ግንድ ላይ አስሮታል።

አባዬ ክንዴን ጨምድዶ ይይዛል። «አረጀ እኮ፣ ልጄ!»

አንተስ ልለው ነበር፤ ፊቱን ሳይ ተውኩት።

ኤኮው ቀና ይላል። እሱን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ደግሞ እሱን። አባዬ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል።

«ጫማ ነው ያደረግከው?» ይላል አጎቴ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«በጫማ መረብ ልትወጥርልኝ ነው?»

አባዬ አሸዋው ላይ ዘጭ ይላል። የጫማው ማሰሪያ አልፈታ ሲለው ተንበርክኬ እፈታለታለሁ። አጎቴ ቀስ ብሎ ይነሳል፤ ከግንዱ ላይ ቋጠሮውን ፈትቶ ጫፉን ይወረውርለታል። አባዬ በእግር ጣቶቹ ይይዘዋል።

«እንዳታላላው» ይላል አጎቴ፣ የእንጨት መርፌውን እያስገባ።

«አላላውም።»

እንባው አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። እግሩን ግን ንቅንቅ አያደርግም።